የክብሪት እንጨት ድልድይ

በእኛ ቤት ክብሪት አይገባም ነበር። ሱቅ በተላክሁ ቁጥር አባቴ ከኋላዬ «ላይተር ነው፤ ክብሪት እንዳታመጪ!» ይለኛል። ላይተሩ ያለቀ ዕለት ከጎረቤት እሳት እንለምናለን። ሰው ምክንያቱን ሲጠይቃት እናቴ «ኧረ እኔ ምን አውቄ፤ አንዳንዱ እባብ ይፈራል፣ የኔው ሰውዬ ደግሞ ክብሪት» ብላ ታልፈዋለች።

ምክንያቱን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ክብሪት የቀረው በእኔ የተነሳ ነው። መንግሥት ጦርነቱን የተሸነፈው እኔ ባጠፋሁት ጥፋት እንደሆነ አባቴ ደርሶበታል፤ አባት ስለሆነ ግን ችሎኝ ዝም ብሏል። ይህን ለማንም ሳልናገር ሰላሳ ስምንት ዓመት ኖርኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ አናጢ ነው። ጦርነቱ እየገፋ ሲመጣ የጦሩ መምሪያ ወደ ከተማችን ተዛወረና ትምህርት ቤታችንን ያዘ። እኛ ተማሪዎቹን ወደ አንድ የእህል መጋዘን አሻገሩን፤ አባቴ ደግሞ የክፍሎቹን በሮች ሊጠግን ገብቶ እዚያው ቀረ። እጁን ያየ አንድ መኮንን የአሸዋ ገበታ ሥራ አለው። የአሸዋ ገበታ ጦርነቱ ያለበት አገር ከነተራራው፣ ከነወንዙ በትንሹ የሚሠራበት ትልቅ ጠረጴዛ ነው፤ አለቆቹ ዙሪያውን ቆመው ይመክሩበታል። የአባቴ ገበታ አራት በር ጎን ለጎን የተኛ ያህል ይሰፋ ነበር። ተራሮቹን ጄሶ ከጠጣ ጆንያ ነው የሠራቸው። ጫካው አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ፣ መንገዱ ነጭ ሲባጎ፣ ወንዙ ከሥሩ ሰማያዊ የተቀባ የመስኮት መስታወት ነበር። በወንዙ ላይ ደግሞ አንዲት ድልድይ፣ አስራ አንድ የክብሪት እንጨት በኮላ ተጣብቆ።

መኮንኖቹ አባቴን «ፈጣሪ» ይሉት ጀመር። «ፈጣሪ ዛሬ አልገባም?» «ፈጣሪ፣ እስቲ እዚህ ጋ አንድ ኮረብታ ጨምርልን!» እናቴ መጀመሪያ ሰሞን «በስሙ አትቀልዱ» ብላ ተቆጣች፤ ወር ሳይሞላት ግን ራሷም ለመደችው። ማታ ማታ ለእራት ስንቀመጥ «ዛሬስ ፈጣሪና መልአኩ ምን ሠሩ?» ትለናለች። መልአኩ እኔ ነኝ። ትምህርት ግማሽ ቀን ስለነበር ከሰዓት በኋላ አባቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ሰጋቱራ እነክራለሁ፣ ኮላ እበጠብጣለሁ። ለእናቴ ጥያቄ እሽቀዳደማለሁ። «ገደል ሠራን!» «ሁለት መንደር ሠራን፣ አንዱን እኔ ነኝ የቀባሁት!» እሷም የምር እንደተደነቀች ሁሉ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች።

የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ፣ ከዚያ ወንዝ ማዶ ባለ የጦር ሰፈር ውስጥ ነበር። ሲሄድ ብስክሌቱን ለእኔ አደራ ሰጠኝ። «እንዳትነጂው አላልኩም፤ ብትወድቂ ግን እናትሽ እኔን ነው የምትገድለው። ብቻ ጎማውን እየነፋሽ ጠብቂልኝ» አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎማውን እነፋለሁ። በገበታው ላይ አጎቴ ሰማያዊ የተቀባች የጣውላ ቁራጭ ነበር። የኛ ጦር በሙሉ ሰማያዊ ቁራጭ ነው። «እነዚያ» ደግሞ ቀይ የልብስ ቁልፎች ናቸው፤ ቁልፎቹ የመጡት ከእናቴ የስፌት ሳጥን ነው። ትልልቆቹ ጠላትን በስሙ ሲጠሩት ሰምቼ አላውቅም፤ «እነዚያ» ብቻ ነው የሚሉት።

የመምሪያው አለቃ ኮሎኔሉ በዘንጉ አንዷን ሰማያዊ ቁራጭ ከኮረብታ ወደ ሜዳ ሲገፋ በማግስቱ ካሚዮኖች ወታደር ጭነው ሲወጡ አያለሁ። አባቴም ስሙ ፈጣሪ ነው። ስለዚህ እዚህ የተደረገው እዚያ ይሆናል ብዬ አመንኩ። እውነቱን ለመናገር የኮሎኔሉም እምነት ከእኔ ብዙ የራቀ አልነበረም።

አንድ ቀን ኮሎኔሉ ገበታውን ሁለት ጊዜ ዞረና «ይሄ ተራራ በዛ» አለ።

«ጌታዬ፣ በካርታው ልክ ነው የሠራሁት» አለው አባቴ።

«ካርታው መጥቶ አይጠይቀኝም። የሚመጡት ሰዎች ናቸው። ይሄን የሚያህል ተራራ እያዩ ‹እንዴት ነው በሳምንት እንይዘዋለን ያላችሁን?› ቢሉኝ አንተ ትመልስልኛለህ?»

አባቴ ሞረዱን አነሳና የተራራውን አናት ይሞርድ ጀመር። የጄሶው ብናኝ ጫማው ላይ ወረደ። ማታ እናቴ እንደልማዷ ስትጠይቀን ቀደምኩና «ተራራ ዝቅ አደረግን! አጎቴ ሲወጣው አይደክመውም!» አልኳት። ግንባሬን ሳመችኝ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ይበላ ነበር።

ሌላም የሚያስደስተኝ ነገር ነበር። ቀይ ቁልፍ በየሳምንቱ ይጨመራል፤ የእናቴ ሳጥን ተራቁቶ ከአሮጌ ሸሚዝ ላይ ሁሉ እየነቀልኩ እወስዳለሁ። ሰማያዊ ቁራጭ ግን ከገበታው ሲነሳ አይቼ አላውቅም። የኛዎቹ አይሞቱም ማለት ነው እያልኩ ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር። ዛሬ ስለዚያ ጦርነት የተጻፈውን ሁሉ አንብቤአለሁ። ከእነዚያ ቁራጮች እኩሌታው ከወራት በፊት ያለቀለት ጦር ነበር። አዛዡ «ሰው አለቀብኝ» ማለት ይፈራል፣ የበላዩ መስማት አይፈልግም፣ ዋና ከተማ ያሉት ደግሞ የሌለውን ጦር ቆጥረው ሌላ ግዳጅ ይሰጡታል።

ያቺ ቀን ሐሙስ ነበረች። ከመጋዘኑ ወጥቼ ስደርስ ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ከዋና ከተማ ትልቅ ሰው ይመጣል ተብሏል። አባቴ ቡሩሹን ሊያጥብ ወጥቷል። ከጎን ካለው ክፍል የኮሎኔሉና የሬዲዮ ሠራተኛው ድምፅ ይሰማል። ይህን የሬዲዮ ሠራተኛ «ጆሮ» ነው የሚሉት፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ብርድ የሚመታው የሚመስል ልጅ እግር ነው።

«ጌታዬ፣ ማዶ ያሉት አሁንም ጠሩ። ሦስተኛቸው ነው።»

«አልሰማህም።»

«ኧረ ሰምቻለሁ ጌታዬ። የምዕራቡ መንገድ ሳይዘጋብን እንውጣ፣ ፈቃድ ይሰጠን ነው የሚሉት። ድልድዩም...»

«አልሰማህም አልኩህ! ከኔ በፊት እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ ሰምቶ ነው የት እንደገባ እንኳ የማይታወቀው። ትልቁ ሰውዬ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ፈቃድ ከሆነ እሳቸው ይስጡ።» ከዚያ በበሩ ብቅ ብሎ ከውጭ ላለው ለአባቴ ጮኸ፦ «አንተ ፈጣሪ! ድልድዩን እንዳትነካት! እንዳለች ትቀመጥ!»

ጆሮ የተባለው ሰው ሰማህ አልሰማህም እየተባለ መጨቃጨቁ አሳቀኝ። ስለ ድልድዩ የገባኝ ደግሞ፣ በጣም ውድ ስለሆነች አባቴ እንኳ ሊነካት እንዳልተፈቀደለት ነው።

ገበታው አጠገብ ብቻዬን ነበርኩ። አጎቴ ናፍቆኛል። ስምንት ቅዳሜ ጎማ ነፍቻለሁ። ሰማያዊዋን ቁራጭ ወደ እኛ ትንሽ ላስጠጋት አሰብኩ፤ አንድ ጣት ያህል ብቻ፣ ማንም በማያውቅበት ልክ። በእግሬ ጣት ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ቁራጯን ሳልደርስባት እጅጌዬ ድልድዩን ያዘው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ስብርባሪውን ለቅሜ ኪሴ ከተትኩ። አባቴ ቡሩሹን እያራገፈ ገባ። ወንዙን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወንዙን አየ። ቡሩሹን እንደያዘ ቆመ። ትምህርት ቤት እስከ መቶ መቁጠር ሲያለማምዱን የሚፈጀውን ያህል ቆመ። ፊቱ እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ንዴት መሰለኝ።

ግቢው ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። ኮሎኔሉ ከኮሪደሩ «ዝግጁ ነው?» ብሎ ጮኸ። አባቴ ያኔ ያጨስ ነበርና ከኪሱ የክብሪት ቀፎ አወጣ። የእያንዳንዱን እንጨት ራስ እየቀነጠሰ ያጣብቅ ጀመር። የመጨረሻዋን እንጨት ሲያስቀምጥ ኮቴ በሩ ላይ ደረሰ። እኔን ለማስወጣት ጊዜ ስላልነበረ በክንዴ ይዞ ከገበታው ሥር ከተተኝ፤ በጠርዙ የተንጠለጠለውን ሸራም መለሰብኝ።

ከሥር የሚታየኝ ጫማ ብቻ ነው። የሚያብረቀርቅ ቦቲ፣ ሌላ የሚያብረቀርቅ ቦቲ፣ ከመካከላቸው ጄሶ የነጠበበት የአባቴ አሮጌ ጫማ። ትልቁ ሰውዬ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ የሚያስላቸው ሰው ነበሩ።

«ይሄ ድልድይ በኛ እጅ ነው?»

«በኛ እጅ ነው ጌታዬ» አለ ኮሎኔሉ።

ያኔ የአባቴ ጫማ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። ኮላው እንዳልደረቀ ሊያይ ነው ብዬ አሰብኩ። ወዲያው ተመልሶ ወደ ነበረበት ሄደ።

«ታዲያ ማዶ ያሉት ድልድይ እያላቸው ምን ያስለቅሳቸዋል? አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንዳይሉ። የግድ ከሆነም ኋላ በድልድዩ ይወጣሉ» አሉ ትልቁ ሰውዬ። እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲጭር ሰማሁ። ከገበታው ሥር ተቀምጬ ደስ አለኝ። አባቴ ድልድዩን በጊዜ ስለጠገነው አጎቴ በእሱ ላይ ሊመጣ ነው።

በአስራ ሁለተኛው ቀን አንድ የካሚዮን ሾፌር እቤታችን መጣ። ቁስለኛ ጭኖ በምዕራቡ መንገድ ቀድሞ የወጣ፣ የአጎቴ ጓደኛ ነው። እናቴ ወንበር ሰጠችው፤ እሱ ግን ቆሞ ነው የተናገረው። የሰማው ከወንዙ ዳር ካመለጠ አንድ ወታደር ነው፤ መንገዱ ሁሉ ከተዘጋ በኋላ «በድልድዩ ውጡ» የሚል ትእዛዝ ደረሳቸው። ቀኑን ሙሉ በእግር ተጉዘው ወንዙ ዳር ደረሱ።

«ድልድይ የለም» አለ ሾፌሩ። «ወንዙ ሞልቷል። ከኋላ እነዚያ...»

የቀረውን አልጨረሰውም። እናቴ «ዋና እኮ አይችልም» አለች። ለማን እንደምትናገር አታውቅም። «ልጅ ሆኖ ውሃ ይፈራ ነበር። ዋና እኮ አይችልም።» አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት የክብሪቱ ስብርባሪ እዚያው አለ።

አባቴ የጠገነው አልያዘም፣ እኔ የሰበርኩት ነው የሠራው። ሌላ ምን ላስብ እችል ነበር? ወደ ኮሪደሩ ሄጄ የአጎቴን ብስክሌት እጀታ ጎማ አወለቅሁና ስብርባሪውን ቧንቧው ውስጥ ጨመርኩት። ጎማውን መልሼ ገጠምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብስክሌቱ በተነቃነቀ ቁጥር ውስጡ ኮሽ ይላል፤ የሚሰማው ለእኔ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቶሎ ቶሎ ሆነ። የማዶው ሰፈር ሲወድቅ ቀጣዩ ወደቀ። መምሪያው ግቢ ውስጥ ወረቀት ሲያቃጥል ሁለት ቀን ሰነበተና በካሚዮን ተጭኖ ጠፋ። እነዚያ ገቡ። ቀይ ቁልፍ የሚመስሉ ሰዎች እጠብቅ ነበር፤ አቧራ የለበሱ፣ የደከማቸው ሰዎች ናቸው። አንዷ በራችን ላይ ውሃ ለመነችን። አባቴ መጥረቢያውን ይዞ ትምህርት ቤት ሄደና ገበታውን ፈልጦ አቃጠለው። የእኔን ጥፋት ሊደብቅልኝ መሰለኝ፤ ለብቻዬ አለቀስኩ። ሲጋራም ተወ። ለእኔም አሻንጉሊት ሠርቶልኝ አያውቅም ከዚያ ወዲያ። በርና መስኮት ብቻ ይሠራል። በዚያ በሚያገኘው ገንዘብ ኖርን፣ ትልቅም ሆንኩ።

የሰው ዕቃ አልነካም። ጓደኞቼ ገበጣ ሲጫወቱ ዳር ቆሜ አያለሁ። ባል አግብቼ ፈትቻለሁ፤ «ከአንቺ ጋር መኖርና ብቻን መኖር አንድ ነው» ብሎኝ ሄደ፤ እውነቱን ነው። ስለ ጦርነቱ መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ገዝቼ አነባለሁ። ሰዎቹ ምክንያት ይደረድራሉ። ጦሩ በየጦር ሰፈሩ ተበታትኖ አንዱ ለአንዱ ሳይደርስለት ቀረ። ያለ ፈቃድ ማፈግፈግ ስለሚያስቀጣ አዛዦች መውጫ እያላቸው ቆመው ተከበቡ። እውነት የተናገረ ይነሳል፣ የሚያስደስት የተናገረ ይሾማል። አንብቤ አንብቤ ስጨርስ የእኔን ክብሪት አጣዋለሁ፤ ደራሲዎቹ አላወቁም እላለሁ።

እናቴ ያለፈው ዓመት አረፈች። ለቅሶ ላይ አንድ ቀጭን፣ ሙቀቱ ላይ ሹራብ የደረበ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጠ።

«መልአኩ አንቺ ነሽ?» አለኝ። ጆሮ ነው።

ብዙ ተጫወትን። ስለ አጎቴ አነሳሁ። አንገቱን ነቀነቀ። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ያ ድልድይ እኮ ትልቁ ሰውዬ ከመምጣታቸው ከአስራ አንድ ቀን በፊት ነው የፈረሰው። እነዚያ ናቸው በፈንጂ ያነሱት። ማዶ ያሉት ራሳቸው ነገሩን፣ እኔ በጆሮዬ ነው የተቀበልኩት። በድልድዩ ውጡ ሲባሉ ግን መምሪያው ካለ ተጠግኖ ነው ብለው አመኑ። ሰው አለቃውን ያምናል።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለአባትሽም ያኔውኑ ነግሬው ነበር» አለኝ።

ዕንባዬ መጣ፤ ለቀስተኛው ለእናቴ መስሎት አጽናናኝ። እኔ አልገደልኩትም። የመጀመሪያው ሐሳቤ ይህ ነበር። ሁለተኛው ዘግየት ብሎ መጣ። አባቴ ያውቅ ነበር። የክብሪት ነገር ገባኝ።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ ባለው ሳምንት አባቴ ጋ ሄድኩ። ሰማንያ ሁለት ዓመቱ ነው። ኮሪደሩ ላይ የአጎቴ ብስክሌት እንደቆመ ነው፤ ጎማው ከተኛ ስንት ዘመኑ። አባቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል።

«አባዬ፣ ድልድዩን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

የትኛውን ድልድይ አላለም። «አውቃለሁ። እጅጌሽ ላይ የክብሪት ስንጥር ተሰክቶ ነበር» አለኝ።

«አጎቴን የገደልኩት እኔ ይመስለኝ ነበር። እስካለፈው ሳምንት ድረስ።»

አሁን ደነገጠ። ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አንቺ?» አለ። «አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ? በዚያ ግቢ ውስጥ እውነቱን ያሳየሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ገብቼ ሳየው ትክክል ሆኗል። ወንዙ ላይ ምንም የለም። ልተወው አልኩ። በቃ ይዩት፣ ልጅ ነካክታው ነው እላለሁ፣ ምን ያመጣሉ አልኩ። ቆምኩ። ከዚያ ያ መኪና ጡሩምባ ነፋ።»

«ይገድሉህ ነበር።»

«ይሆናል። ላይገድሉኝም ይችሉ ነበር፤ ማን ያውቃል። አንድ እርምጃ ሄጄም ነበር።»

«አይቻለሁ» አልኩት። «ጫማህን አይቻለሁ።»

እጆቹን አየ። «አስራ አንድ እንጨት» አለ። «አስራ አንዱንም በነዚህ ነው ያጣበቅሁት። እናትሽ ‹ምነው ክብሪት ጠላህ?› ስትለኝ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ቀደመችኝ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

ተነስቼ ኮሪደሩ ላይ ብስክሌቱን በእጀታው ይዤ ነቀነቅሁት። ውስጡ ኮሽ አለ። አባቴ ከተቀመጠበት አንገቱን ቀና አድርጎ አዳመጠ። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ዓይኑን ጨፈነ። ሁለታችን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንድ ሐዘን ለየብቻችን ስንሸከም ኖረናል። ያንን ሁሉ ዓመት ማን ይመልስልናል?

ያን ሐሙስ ማታ አስታወስኩ። ሦስታችን ለእራት ተቀምጠናል። አጎቴ ገና በሕይወት አለ፤ የምዕራቡም መንገድ ገና አልተዘጋም። እናቴ መብራቱን አስተካከለችና እንደልማዷ «ዛሬስ ፈጣሪና መልአኩ ምን ሠሩ?» አለች።

እኔና አባቴ እኩል «ምንም» አልን።

እናቴ ሳቀች። «እንዴ፣ ተማክራችሁ ነው?» አለችን።